ግምትና አመክንዮ፦ የምርጫ ጥያቄ አጭር ታሪክ

የምርጫ ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንደማንኛውም የሰው ሥራ የተወለደበት ቦታና ምክንያት አለው። ዕጣችን በአራት ፊደላት ላይ ተንጠልጥሎ ላደግን ተማሪዎች ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅም ይመስለናል።

ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1914 ባቀረበው ጥናት፣ መምህራን የሚሰጡት ማርክ ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ እንደሚለያይ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ በካንሳስ ያዘጋጀው የንባብ ፈተና ለየጥያቄው አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ የሚቀበል ሆነ። የመምህሩ ፊት መጥቆርና መፍካት ከማርኩ እንዲወጣ ነው። በ1917 አሜሪካ ጦርነት ስትገባ ዘዴው ለሠራዊቱ ተወሰደና 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምሎች ተፈተኑበት። በ1938 ደግሞ አይ ቢ ኤም የእርሳስ ምልክት ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ተጠቅሞ የሚያርም ማሽን አወጣ። ማሽኑ አይደክምም፣ አያዳላም። ግን አንድ ነገር አይለይም፦ ያወቀውንና የገመተውን!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አራት ምርጫ ባለው መቶ ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ሰው በአማካይ 25 ያገኛል። ፈታኞች መላ ፈለጉ። አሜሪካኖቹ ኤስ ኤ ቲ በሚሉት ፈተና፣ አምስት ምርጫ ባለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ስህተት ሩብ ነጥብ ይቀነስ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በጭፍን ከመቶው 20 ቢያገኝ፣ 80ው ስህተት 20 ነጥብ ይበላበታል፤ ባዶ እጁን ይቀራል። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ሁለቱን በምክንያት የጣለ ተማሪ ከ15 ጥያቄ በአማካይ 5 ያገኛል፣ ለ10ሩ ስህተት 2.5 ይቀነስበታል፣ 2.5 ይተርፈዋል። ቅጣቱ ጭፍኑን እንጂ አሳቢውን አልያዘም ማለት ነው። ቅነሳው በ2016 ቀርቷል።

ታዲያ የምክንያት ግምት ምን ይመስላል? «የአድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ? ሀ. 1848 ለ. 1868 ሐ. 1888 መ. 1928» ተባለ እንበል። ዓመቱ ጠፋን። ነገር ግን ጦርነቱ በንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ዘመን እንደነበር፣ እርሳቸውም በ1882 ዘውድ ጭነው በ1906 እንዳረፉ እናውቃለን። ሀና ለ ከዘውዱ በፊት ናቸው፣ መ ከሞታቸው በኋላ ነው። ሐ ብቻውን ቀረ። እንዲሁም አንድ መልስ ብቻ በሚፈቀድበት ጥያቄ ሁለት ምርጫዎች አንድ ትርጉም ካላቸው ሁለቱም ይወድቃሉ። «ሁልጊዜ» ወይም «በፍጹም» የሚል ምርጫ ደግሞ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ካገኘንለት አለቀለት።

አንዳንዱ ይህን ብልጣብልጥነት ይለዋል። እኛ አንስማማም። የምኒልክን ዘመን የማያውቅ አንዱንም ምርጫ መጣል አይችልም። መጣልም ማወቅ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ዓመተ ምሕረት ሲቸክል ካደረው ይልቅ ነገርን ከነገር ያገናኘው ታሪክ ገብቶታል።

ቢሆንም ወሰን አለው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ከአራት አንዱን ምረጥ የሚለው የለም። የምርጫ ጥያቄ የተሰጠውን መለየት እንጂ ያልተሰጠውን መፍጠር አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉድለት የግምት ጥበብ አይሞላውም።

እንግዲህ ጓዶች፣ ስንገምት በምክንያት እንገምት፤ ከፈተናው ስንወጣ ደግሞ ምርጫ ያልተሰጠባቸውን ጥያቄዎች መጠየቅ እንልመድ።