ሁለቱ የአንኮበር ሴሪኖች

የአንኮበር ሴሪንና ቢጫ ጉሮሮ ሴሪን በአንድ ወገን የሚመደቡ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ ጥቃቅን ዘር ለቃሚ ወፎች ናቸው። ሁለቱም መጀመሪያ የታወቁት በሰሜን ሸዋ፣ በአንኮበር ዙሪያ ነው፤ የሚለያያቸው ከፍታው ነው። የአንኮበር ሴሪን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ፣ ጉም በሚመላለስበት ገደል አፋፍ ይኖራል። ቢጫ ጉሮሮው ግን የሸዋ ገበያ ከነበረችው ከአልዩ አምባ በታች ባለው የግራር ቁጥቋጦ ቆላ ይገኛል።

ቀድሞ የተመዘገበው የቆላው ነው። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡ፤ ከመልእክተኞቹ አንዱ ኦራዚዮ አንቲኖሪም እ.ኤ.አ. በ1882 እስኪሞት ድረስ እዚያ ተቀምጦ አእዋፍ ሲሰበስብ ኖሯል። በ1880ዎቹ ከአካባቢው በተገኙ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ የአእዋፍ ተመራማሪው ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1888 ለቢጫ ጉሮሮው ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ወሬው ጠፋ። የነበሩት ናሙናዎች ሦስት ብቻ ስለሆኑ፣ የሌሎች ሴሪኖች ዲቃላ እንጂ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም ያሉ ሊቃውንት ነበሩ። በ1989 በሕይወት መገኘቱ ጥርጣሬውን አቀለለው።

የሚያስደንቀው የደጋው ወፍ ታሪክ ነው። ሰብሳቢዎቹ ዓመታት የከረሙት ከሚኖርበት ገደል ሥር ሆኖ ሳለ፣ የአእዋፍ ተመራማሪው ጆን አሽ እስካገኘው እስከ 1976 ድረስ ሳይታወቅ ቆየ፤ በሳይንስ የተገለጸውም በ1979 ነው። ለዚህ መልኩ ሳያግዘው አልቀረም። ቢጫ ጉሮሮው በጉሮሮውና በወገቡ ቢጫ ቀለም ሲለይ፣ የአንኮበሩ ግን ከላይ እስከ ታች ቡናማ ዝንጉርጉር ነው፤ ከሸዋ እስከ ጎጃም ደጋ ከሚታየው ባለ መስመር ሴሪን ጋር በቀላሉ ይምታታል። በመንጋ ሆኖ መሬት ለመሬት እየለቀመ ይውላል፣ ጎጆውንም በአፈር ገደል ላይ ይሠራል።

በኋላ በሰሜን ተራሮችም በመገኘቱ የደጋው ወፍ ተስፋ ሰፍቷል፤ ሥጋቱ እርሻ፣ ግጦሽና የባሕር ዛፍ ተከላ ነው። የቆላው መኖሪያ ግን እጅግ ጠባብ ነው፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ በተቆረጠ ቁጥር ይበልጥ ይጠባል። በዓለም አቀፉ የሥጋት መዝገብም ከደጋው ዘመዱ የከፋ ደረጃ ላይ የተቀመጠው እርሱ ነውና ቅድሚያ ጥበቃ የሚገባው ለአልዩ አምባው ቁጥቋጦ ነው።