ጨርቅ የሚያበጥር እሾህ

በመንዝ ቀያ በዘመሮና በአካባቢዋ ያደገ ሰው የደጋውን ብርድ በምን እንደተቋቋመ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚያነሳው ባናን ነው። ሴቶች የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ሙቀቱን የሚጠብቀው ክሩ ብቻ ሳይሆን በክሮቹ መካከል ታስሮ የሚቀረው አየር ጭምር ነው። የአውሮፓ የሱፍ ጨርቅ ሠሪዎች የጨርቁን ገጽ ለስላሳና ጠጉራም ለማድረግ ለብዙ መቶ ዓመታት የተገለገሉት በአንድ እሾሃማ አበባ ነበር።

አበባው ዲፕሳከስ ከሚባለው ወገን ነው። ስሙ የመጣው ጥማት ከሚል የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ግንዱን አቅፈው የሚጋጠሙት ቅጠሎች የዝናብ ውኃ ስለሚያቁሩ ነው። በዛሬው አመዳደብ ካፕሪፎሊያሴ ከሚባለው ቤተሰብ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ደጋም የራሱ ዝርያ አለው፤ ዲፕሳከስ ፒናቲፊደስ የተባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ፓሪስ ላይ በታተመው የአሺል ሪሻር የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፍ ተገልጿል። ለጨርቅ የሚያገለግለው ግን ሌላ፣ በእርሻ የሚለማ ዘመዱ ነው፤ የዱሩ እሾህ ቀጥ ያለ ሲሆን የዚህኛው ጫፍ እንደ መንጠቆ የጎበጠ ነው።

መሐንዲስን የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። የደረቀው የአበባ ራስ ጨርቁን ሲያበጥር ቋጠሮ ካጋጠመው መንጠቆው ይሰበራል፤ ጨርቁ ግን አይቀደድም። በኤሌክትሪክ መስመር ላይ ፊውዝ የሚሠራውን ሥራ ማለት ነው። በኋላ የተተካው የብረት ሽቦ ብርቱና ርካሽ ቢሆንም ይህ ትህትና የለውም።

እሾሆቹን በሚሽከረከር በርሜል ላይ የደረደረው ጊግ ሚል የተባለ መሣሪያ በእንግሊዝ አገር በ1550ዎቹ መግቢያ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ የእኛ መሣሪያ ሌላ ነው እያሉ ተጠቀሙበት። በ1802 በዊልትሸር ጨርቅ ከርካሚዎች ተነሡ፤ ፋብሪካ ተቃጠለ፤ በተከታዩ ዓመት ቶማስ ሄሊከር የተባለ ወጣት በስቅላት ተቀጣ። በ1809 ሕጉ ራሱ ተሻረ። ስለ መሣሪያው የፈጠራ ብልሃት ብዙ ተጽፏል፤ ከርካሚዎቹ ግን በአብዛኛው የሚታወሱት እንደ አጥፊዎች ብቻ ነው። ይህ ፍርድ ለእኔ ሚዛኑን የጠበቀ አይመስለኝም፤ አቤቱታቸውን ለፓርላማም አቅርበው ነበርና።

በእኛም አገር በ1957 ዓ.ም. ከመንዝ ብዙ በማይርቀው ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። እኛ የሙያው ሰዎች የምንቆጥረው በሰዓት የሚመረተውን ሜትር ነው፤ የስንት ቤት እንዝርት እንደሚቆም በዕቅዱ ወረቀት ላይ ቦታ አይሰጠውም። ይሁንና ባናው አልጠፋም፤ ዛሬም በመንዝ ገበያ ይሸጣል።