ያለ ዋስ የተሸጡ ቅርሶች

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፥ የፎገራን ሜዳ አልፎ፥ ስሟን ከሐሙስ ቀን ያገኘች ሐሙሲት የምትባል ከተማ አለች። በአገራችን የከብት ገበያ በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው፥ ሻጩን የማያውቀው እንደ ሆነ ዋስ መጠየቅ የቈየ ልማድ ነው። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ባለቤቱ የመጣ እንደ ሆነ፥ «በገንዘቤ ገዛሁ» ማለት ብቻውን ገዢውን አያድነውም። እኛም ይህን ልማድ መነሻ አድርገን፥ ከመቅደላ ተወስደው በሐራጅ ስለ ተሸጡ ቅርሶች ጥቂት ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ለሐሙሲት ሩቅ አይደለም። በ1866 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ዐፄ ቴዎድሮስን ለማነጋገር መጥቶ የተቀመጠው፥ ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳር በምትገኘው በቆራጣ ነበር። በኋላ እርሱም ታሰረ፤ የእስረኞቹም ጉዳይ ጦር አስከተለ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። በዚያም ኤፕሪል 20 እና 21 በሐራጅ ተሸጠ፤ የተገኘውም 5,000 ፓውንድ ያህል ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተዘረፈው ዕቃ «የተገዛ ዕቃ» የሚል አዲስ ስም አገኘ። ዋስ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚያ የከፋው በስውር የቀረው ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምዝ፥ ኵርዐተ ርእሱ የተባለውን የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አስቀረው። ይህ ሥዕል የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት የሚወጡት ነበር፤ በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ ተመልሷል። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል ከእንግሊዝ መንግሥት ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ። በዚያን ጊዜ ሆልምዝ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ ነበር። ሥዕሉ ከሞቱ በኋላ በ1917፥ ደግሞም በ1950 በለንደን በሐራጅ ተሸጦ ወደ ፖርቱጋል ሄደ።

በዘመናችን ሐራጅ በኢንተርኔት ስለ ሆነ፥ ዕቃው ከመሸጡ በፊት ሥዕሉና ግምቱ በዓለም ሁሉ ይታያል። በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አንድ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀርበው ሳለ፥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በመጠየቁ ከሽያጭ ወጡ። በ2024 ደግሞ በኒውካስል የቀረበ ጋሻ እንዲሁ ከሽያጭ ወጣ። ሁሉም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል።

ይህ የሚያስደስት ቢሆንም ሁለት ነገር እንድናስብ ያስገድደናል። አንደኛ፥ ዕቃዎቹ የተመለሱት በጎ አድራጊ ድርጅቶች ገዝተዋቸው ነው። ይህም የተሰረቀ በሬ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው ዋጋው እንደ ገና ሲከፈል ብቻ ነው እንደ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ ጋሻው የታወቀው የመቅደላ ስምና የተያዘችበት ቀን ስለ ተቀረጸበት ነው። ምንም ያልተጻፈበት መስቀል ወይም ከጣና ዳር ቤተ ክርስቲያን የወጣ ብራና ነገ በኢንተርኔት ቢቀርብ፥ የእኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን?

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሥራ የጠፋውን ማልቀስ ብቻ እንዳይሆን እናሳስባለን። እያንዳንዳችን በዕረፍት ጊዜ ወደ ትውልድ ቀበሌያችን ስንመለስ፥ በካህናቱ ፈቃድ የአንዲት ቤተ ክርስቲያንን ንዋያተ ቅድሳት ቈጥረን፥ ልካቸውንና ምልክታቸውን ብንመዘግብ፥ ሐራጅ በቀረበ ጊዜ የሚቆመው ዋስ ያ መዝገብ ይሆናል።