ብሮሚኑ የት ያርፋል? ከካዛን እስከ ቺካጎ

አልኬኖች በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ትስስር ያላቸው ውህዶች ናቸው። ሃይድሮጅን ብሮማይድን ከመሰለ ሃይድሮጅን ሃላይድ ጋር ሲገናኙ ከድርቡ አንደኛው ትስስር ይፈታና ሃይድሮጅኑ አንዱን ካርቦን፣ ብሮሚኑ ሌላውን ይይዛል። ተጥሎ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ሂደቱ የመደመር አጸግብሮት ይባላል። የኤቲሊን ሁለቱ ካርቦኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጥያቄ አያስነሱም። የፕሮፒሊን ግን ይለያያሉ፤ ብሮሚኑ ጫፍ ላይ ያርፋል ወይስ መሃል?

መልሱን የሰጡት በካዛን ዩኒቨርሲቲ የአሌክሳንደር ቡትሌሮቭ ደቀ መዝሙር የነበሩት ሩሲያዊው ቭላድሚር ማርኮቭኒኮቭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1870 በጀርመንኛ ባሳተሙት ጽሑፍ ሃይድሮጅኑ ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን፣ ሃሎጅኑ (ለምሳሌ ብሮሚኑ) ጥቂት ወዳለው እንደሚሄድ አስረዱ። ኤሌክትሮን ገና ባልታወቀበት ዘመን ይህን ማየት ትልቅ አስተውሎት ነው።

ምክንያቱ የተገለጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ድርብ ትስስሩ በኤሌክትሮን የበለጸገ በመሆኑ ቀድሞ የሚይዘው ሃይድሮጅኑን ነው። ሃይድሮጅኑ ጫፉ ላይ ሲያርፍ የመሃሉ ካርቦን አዎንታዊ ሙል ይሸከማል። ግራና ቀኝ ያሉት ካርቦኖች ኤሌክትሮን ስለሚያካፍሉት ከጫፉ ካርቦን ይልቅ ሸክሙን ይችላል፤ ብሮሚኑም ተከትሎ እዚያው ይገባል።

ሃይድሮጅን ብሮማይድ ግን ተመራማሪዎችን ግራ አጋባ። ያው ሙከራ አንዳንዴ የማርኮቭኒኮቭን ሕግ የተከተለ፣ አንዳንዴ የተገላቢጦሽ ውጤት ይሰጥ ነበር። እንቆቅልሹን በ1933 የፈቱት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሞሪስ ካራሽ እና ፍራንክ ሜዮ ናቸው። የሞከሩት አሊል ብሮማይድ በተባለ አልኬን ላይ ነበር። በሚገባ ተጣርቶ ከአየር ሲጠበቅ አጸግብሮቱ ቀናት እየፈጀ ሕጉን ያከብራል፤ ፔሮክሳይድ (ሁለት ኦክስጅኖች የተያያዙበት ውህድ) ካለበት ግን በሰዓታት ውስጥ የተገላቢጦሹ ውጤት ይገኛል። ማንም ሳያስበው ጠርሙሱ ውስጥ ጣልቃ ይገባ የነበረው የአየር ኦክስጅን ነበር፤ ከአልኬኑ ጋር እየተዋሃደ ፔሮክሳይድ ይፈጥራል።

ፔሮክሳይዱ ተሰንጥቆ የብሮሚን ነፃ ራዲካል፣ ማለትም ጥንድ የሌለው ነጠላ ኤሌክትሮን ያለው አቶም፣ እንዲፈጠር ያደርጋል። አሁን ቀድሞ የሚደርሰው ብሮሚኑ ነው፤ እሱም ጫፉን ይይዛል፣ ምክንያቱም ነጠላው ኤሌክትሮን መሃል ሲሆን ይበልጥ ይረጋጋል። ሃይድሮጅኑ በመጨረሻ ይገባል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በሁለቱም መንገድ ቀድሞ የመጣው ጫፉን መያዙ ነው። የተለወጠው ተራው ብቻ ነው።

ፔሮክሳይድ ይህን ማድረግ የሚችለው ለሃይድሮጅን ብሮማይድ ነው። የሃይድሮጅን ክሎራይድ ትስስር በቀላሉ አይበጠስም፤ የአዮዲን ራዲካልም ከአልኬን ጋር የሚፈጥረው ትስስር ደካማ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ሃይድሮጅን አዮዳይድ ፔሮክሳይድ ቢኖርም የማርኮቭኒኮቭን ሕግ ይከተላሉ።