ጢስ ዓባይና የኃላፊነት ጥያቄ

በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ኃይል የማመንጨቱ፣ የማስተላለፉና የማከፋፈሉ ኃላፊነት በአንድ ተቋም ሥር ዋለ። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል የሰጠው፣ 11.4 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጢስ ዓባይ ጣቢያ የዚያ ሥርዓት ፍሬ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ወደ ኮርፖሬሽን ተለወጠ፤ የቁጥጥሩ ሥራ ተለይቶ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ በሕግም ለግል ባለሀብት በር ተከፈተ። በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው ጣቢያ 73 ሜጋ ዋት ነበረው። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውኃ በዋሻ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋቱ የበለስ ጣቢያ ሲመረቅ፣ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች በአመዛኙ ተጠባባቂ ሆኑ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑም ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ አመንጪና አስተላላፊ፣ ሌላው አከፋፋይ ሆነ።

እንግዲህ እኛ መሐንዲሶች ከዚህ ታሪክ ልንማር የሚገባን አንድ ነገር አለ። ተቋም በአዋጅና በደንብ ይከፈላል፤ ከተርባይን እስከ ቆጣሪ የሚዘረጋው መሥመር ግን አይከፈልም። መብራት የጠፋበት የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ደንበኛ የሚጠይቀው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይሆን መቼ እንደሚመለስለት ነው። ባለቤቱ መንግሥትም ይሁን የግል ባለሀብት፣ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው ወገን ማንነት በውሉ ላይ አስቀድሞ ሊጻፍ ይገባል።