እስክንድር ነጋ፦ ከጋዜጣ ወደ ፓርቲ፣ በጀሞ በኩል

ጀሞ የሚኖር ሰው ስለ ጀሞ ሲያወራ የሚያነሳው የታክሲ ሰልፉን፣ የውኃ ፈረቃውንና የኮንዶሚኒየም ኪራዩን ነው። ታሪክ ሲባል አራት ኪሎና ፒያሳ ይጠቀሳሉ፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶን በታሪክ ወግ ውስጥ የሚያስገባት የለም። እኛ ግን አንድ ቀን አለን፤ መጋቢት 16 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እሑድ።

የዚያን ቀን ጀሞ አካባቢ፣ ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ ቤት፣ ከእስር የተፈቱ ሰዎች ከወዳጆቻቸው ጋር ተሰባስበው ነበር። አገሪቱ ገና የካቲት ላይ በታወጀው አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ናት። ፖሊስ መጣ፤ ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል፣ ኮከብ የሌለውን ሰንደቅ ዓላማ ሰቅላችኋል ብሎ 11 ሰዎችን ይዞ ሄደ። ተመስገን፣ አንዱዓለም አራጌ፣ የዞን ዘጠኞቹ በፍቃዱ ኃይሉና ማህሌት ፋንታሁን ነበሩበት። እስክንድር ነጋም ነበረበት። ከወህኒ ከወጣ ገና 40 ቀን አልሞላውም።

በክፍለ ከተማችን ፖሊስ ጣቢያ ታሰሩ። እነሱ እዚያ እያሉ መጋቢት 24 ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መጋቢት 27 ደግሞ 11ዱም ተፈቱ። በአሮጌው ዘመን ገብተው በአዲሱ ዘመን ወጡ ማለት ይቻላል። እኛን የሚገርመን ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናቸው የሄዱበት መንገድ ነው፤ ከሁሉም ደግሞ የእስክንድር።

በ1997ቱ ምርጫ እኛ ልጆች ነበርን። እስክንድርን ያወቅነው በታላላቆቻችን ወሬ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

እስክንድር በአሜሪካ ተምሮ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰ ወጣት ነበር። የፕሬስ አዋጁ ጥቅምት 1985 ሲወጣ የግል ጋዜጣ እንደ እንጉዳይ ፈላ። አራት ኪሎ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብ የዚያ ዘመን ባህል ነው። እስክንድርም እ.ኤ.አ. በ1993 «ኢትዮጲስ»ን ይዞ ብቅ አለ። ጋዜጣው ዕድሜ አላገኘም፤ እሱም የመጀመሪያውን እስር ቀመሰ። ከዚያ እነ «ምኒልክ»፣ «አስኳል» እና «ሳተናው» ተከተሉ። አብራው የምትሠራው የትዳር አጋሩ ሰርካለም ፋሲል ነበረች። አዟሪው ስማቸውን እየጠራ የሚሸጣቸው፣ መንግሥት ደግሞ ስማቸውን መስማት የማይወደው ጋዜጦች ነበሩ።

ኅዳር 1998 ከምርጫው ውዝግብ በኋላ ባልና ሚስት አብረው ታሰሩ። ልጃቸው ናፍቆት እስር ላይ እያሉ ተወለደ። ሚያዝያ 1999 ፍርድ ቤት ነፃ ሲያወጣቸው ጋዜጦቹ ተዘግተው ነበር፤ አዲስ ፈቃድ ሲጠይቁም ተከለከሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጋዜጠኛ ጋዜጣ ሲከለከል ምን ይሆናል? እስክንድር በኢንተርኔት መጻፉን ቀጠለ። በ2003 የዐረቡ ዓለም አብዮት ኢትዮጵያ ይደርስ ይሆን ብሎ በይፋ ጠየቀ፤ የጸረ ሽብር ሕጉ ጸሐፊዎችንና ተቃዋሚዎችን ማሰሪያ ሆኗል ብሎ ጻፈ። መስከረም 3 ቀን 2004 በዚያው ሕግ ተያዘ። ሐምሌ 6 ቀን 2004 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እሱ ወህኒ ሆኖ ስሙ በውጭ ይሸለም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የፔን፣ በ2014 የዓለም ጋዜጦች ማኅበር የወርቅ ብዕር ሽልማት ተሰጠው። በ2010 መፈቻው ሲቀርብም የግንቦት 7 አባል ነበርኩ የሚል ወረቀት ፈርም ተባለ፤ አልፈርምም አለ። የካቲት 7 ሳይፈርም ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የጀሞው እሑድ የመጣው።

ከጀሞው እስር ሲወጣ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ፓርቲ አይደለም ያቋቋመው፣ «ኢትዮጲስ»ን እንደገና ማተም ጀመረ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ያንኑ ስም ይዞ ተመለሰ። ሰውዬው ወደ ቤቱ ነበር የሄደው።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። የካቲት 27 ቀን 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው። ኮየ ፈጬ ያሉት ቤቶች የኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው፣ ገበሬው በቂ ካሳ ሳያገኝ ተፈናቅሏል የሚል ተቃውሞ ተነሳ፤ ክልሉም ርክክቡን ተቃወመ። በሌላ በኩል ለዓመታት የቆጠበው ዕጣ ያገኘ ሰው ቁልፉን ይጠብቃል። ሁለቱም ወገን እውነተኛ ቅሬታ ነበረው። ጀሞም ኮንዶሚኒየም ናትና ጉዳዩ እኛ ሰፈር በየደረጃው ላይ ይወራ ነበር። መጋቢት 1 እስክንድር ባልደራስ በሚባለው አዳራሽ ስብሰባ ጠራ፤ የአዲስ አበባ ባላደራ ምክር ቤትም ተመሠረተ። በ2012 ይኸው ነገር ባልደራስ ለእውነተኛ ዲሞክራሲ የሚባል ፓርቲ ሆነ። ጋዜጠኛው ፖለቲከኛ ሆነ።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሁከት አነሳስተሃል ተብሎ ታሰረ፤ እሱ ክሱን ክዷል። ግንቦት 2013 ሰበር ችሎቱ እስር ላይ ያሉ የባልደራስ ዕጩዎች እንዲወዳደሩ ወሰነ፤ እሱም ከእስር ቤት ሆኖ ተወዳደረ። ሰኔ 14 በተደረገው ምርጫ ባልደራስ አንድም መቀመጫ አላገኘም። በ2014 የገና ዕለት ክሱ ተቋርጦ ተፈታ። ከዚያ ከፓርቲው ወጣ። በ2015 መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነቱ ሲፈነዳ ደግሞ ስሙ ከፋኖ መሪዎች ጋር መጠራት ጀመረ። ብዕር፣ ፓርቲ፣ ጠመንጃ።

በዓለም ላይ ጋዜጠኛ ፖለቲከኛ መሆኑ ብርቅ አይደለም። የናይጄሪያው ናምዲ አዚኪዌ እ.ኤ.አ. በ1937 ሌጎስ ላይ ጋዜጣ መሥርቶ በ1963 የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኗል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች በ1945 ጋዜጣውን አግደውበት ነበር፤ ግን እገዳው አልፎ ጋዜጣው ተመልሶ ታትሟል። አዚኪዌን ወደ ፖለቲካ ያሻገረው ጋዜጣው ነው። እስክንድርን ያሻገረው ግን እስር ቤት ነው። ልዩነቱ ይኼ ይመስለናል።

ታዲያ መንግሥት ገፍቶ ነው እዚህ ያደረሰው ብለን እንደምድም? አይቻልም፤ የጀሞው ግቢ አያስደመድመንም። ከዚያው ግቢ፣ ከዚያው ጣቢያ የወጣው ተመስገን ወደ «ፍትሕ» መጽሔት ተመለሰ፤ በ2014 እንደገና ታሰረ፣ ግን ጸሐፊነቱን አልተወም። አንዱዓለም፣ በ2004 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው፣ ኢዜማ ሲመሠረት ምክትል መሪ ሆነ። በፍቃዱ የመብትና የዲሞክራሲ ተቋም ሥራ ውስጥ ገባ። ግፊያው ለሁሉም ደርሷል፤ የሄዱበት ግን ለየቅል ነው። እስክንድርም የራሱን መንገድ የመረጠው ራሱ ነው፤ ምርጫውን ከእሱ ነጥቀን ለመንግሥት ብንሰጠው እሱን ራሱን ማሳነስ ይሆናል።

መንግሥትም ግን ከዚህ ታሪክ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። አንድን ጸሐፊ ለሃያ ዓመት ያህል እንደ ፖለቲከኛ አድርገህ ስታስረው ከርመህ፣ በመጨረሻ ፖለቲከኛ ሆነ ብለህ መገረም አትችልም።

እኛን ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨን ሌላ ነው። ጋዜጠኛ ሲጽፍ «ትክክል ነው ወይስ ተሳስቷል?» ብለን እናነበዋለን፤ ተሳስቷል ካልንም በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣውን መልሰን እንገዛለን። ፖለቲከኛ ሲናገር የምንጠይቀው «የማን ወገን ነው?» ብለን ነው። ጠመንጃ ከመጣ ወዲያ ደግሞ የሚጠየቀው «አንተስ የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ነው። የእስክንድርን ስም ዛሬ ጀሞ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያነሳ ሰው መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ያያል። ከአጠገቡ የተቀመጠው የሚወደው ይሁን የሚጠላው አያውቅማ!

አዲስ አበባ በእነዚህ ዓመታት አንድ ፖለቲከኛ አግኝታ ይሆናል። ያጣችው ግን እየተጨቃጨቅን አብረን የምናነበው አንድ ጋዜጣ ነው። እኛ ብንጠየቅ ጋዜጣው ይሻለን ነበር።