ኅብር ቤት

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቅ በር ላይ «ኮዎርኪንግ ስፔስ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ቃሉ በዛሬ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ዓለምን አዳርሷል፤ አዲስ አበባ ላይም አይስአዲስ የተባለው የፈጠራ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ለወጣት ፈጣሪዎች እንዲህ ያለ፣ የተለያየ ሥራ ያላቸው ሰዎች አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩበት ቦታ ከፍቷል። «የጋራ ቢሮ» የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን አይጥመኝም። የጋራ ቆጣሪ፣ የጋራ ግቢ እንላለንና «የጋራ» ሒሳብ መካፈልን እንጂ መተጋገዝን አይነግርም። ውስጥ ገብቼ ሳይ አንዲት ሠዓሊ ለቡና ከረጢት ምልክት እየነደፈች ነበር፤ ከጎኗ ያለው ፕሮግራመር ሥራውን ትቶ «ቀዩን ትንሽ ቀንሺው» አላት፤ ቀነሰችው፤ አማረም። ታዲያ ይህን ምን እንበለው? «ደቦ» ቅርብ ነው፤ ግን ደቦ ለአንድ ሰው ሥራ ተሰብስቦ ሲያልቅ ይበተናል። ግእዙ «ኀበረ» ይሻላል፤ ተባበረ፣ አንድ ሆነ ማለት ነው። ማኅበርም ከእርሱ ወጣ። በቅኔም ኅብር ሰሙንና ወርቁን ባንድ ቃል የሚያሳድር ነው። ስለዚህ «ኅብር ቤት» እላለሁ። የከተማው ልጆች በሲዳምኛ «ጉዱማሌ» ቢሉትም ደስ ይለኛል፤ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት የሁሉም አደባባይ ስም ነውና።